ግዙፉ ለምን አሻንጉሊት ይመስላል?

ጥያቄው ከሚኒሶታ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ላይ የፋንታሲ ጦርነት እንጫወታለን። ወታደሮቻችን 28 ሚሊሜትር የሚባሉት ናቸው። ለሠራዊቴ ግዙፍ ሰው ፈልጌ የጨዋታው ኩባንያ የሚሸጥበትን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። ከትሪፍት ስቶር፣ ከያገለገለ ዕቃ መሸጫ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ አሮጌ አክሽን ፊገር፣ እጅ እግሩ የሚንቀሳቀስ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት፣ ገዛሁ። አንዱን በስፕሬይ ቀባሁት፤ ሳምንት አልፎት አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። ሌላውን በብሩሽ ቀባሁት። እሱስ ደረቀ፣ ግን ግዙፍ አይመስልም፤ ቀለም የተቀባ አሻንጉሊት ነው። ምን አጥፍቼ ነው? ወይስ ብሩን ከፍዬ ልገላገል?»

ወንድሜ፣ ገና አትክፈል። የያዝከው ከረጢት ይበቃሃል። የገጠሙህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መጣበቁ የፕላስቲክ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ይፈታል። አሻንጉሊት መምሰሉ ግን ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ነው። ሁሉም የሚለፋው ጡንቻውና ቀለሙ ላይ ነው። ዓይናችን ግን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው ላዩና አጠገቡ ካሉት ትንንሽ ነገሮች ነው። አሻንጉሊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ደግሞ፣ ዓይኑ፣ የጫማው ማሰሪያ፣ የቀበቶው ዘለበት፣ ሁሉም ተራ ሰው ነው እያሉ ያሳብቁበታል። እነሱን ሳትነካ የፈለግከውን ቀለም ብትቀባው ለውጥ የለውም።

መጣበቁን እናስቀድም። አንድ ነገር ልገምት፦ ደረቱ ደርቋል፤ የሚጣበቀው እጁ፣ እግሩና ጭንቅላቱ ነው። አይደል? አብዛኛው አክሽን ፊገር ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይሠራም። ደረቱ ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ ነው፤ በጥፍር ብትጫነው አይሰረጉድም። እጅና እግሩ፣ በተለይ ጭንቅላቱ፣ ለስለስ ያለ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ይሠራበታል። ለአሻንጉሊት እንዲመች ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ነገር ይጨመርበታል። ይህ ዘይት ባለበት አይቀመጥም። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ከስፕሬዩ ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ቀለሙም አይጠነክርም። ወር ብትጠብቀውም ያው ነው።

ስለዚህ ቀለሙን አስለቅቀው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ኢሶፕሮፒል አልኮል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየነከርክ ፈትገው። አንዴ አይበቃም፤ ደጋግመው። አሴቶን ግን እንዳታስጠጋው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙው አሴቶን አለበት፣ ኤቢኤሱን ያሟሟዋል። ሲለቅ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ፣ በብሩሽ ቀባው። ስስ አድርገህ ሁለት ጊዜ። ስፕሬዩን እርሳው፤ አንዳንዱ ስፕሬይ ፒቪሲ ላይ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይይዝም፣ ጣሳው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጽፉልህም። መሞከር ካማረህ ከእግሩ መዳፍ ሥር ትንሽ ቀብተህ ጥቂት ቀን ተወው። ማንኛውንም ያገለገለ አሻንጉሊት፣ ባይጣበቅም፣ ከሥራው በፊት እጠበው። ስንት ልጅ በቅባት እጁ ይዞታል።

አሁን ወደ ልኩ። 28 ሚሊሜትር የሚባለው ብዙ ጊዜ ከእግር እስከ ዓይን ነው፤ አናቱ ድረስ 30 ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። አምራቾች በዚህ አይስማሙም፤ የራስህን ወታደር በማስመሪያ ለካው። ወታደሩ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ያለው ሰው ነው ካልን፣ ጠረጴዛው ላይ 1 ሴንቲሜትር ማለት 57 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህችን ቁጥር ያዛት።

ከረጢትህ ውስጥ ያሉት ሦስት ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም። ትንሹ 9.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ የአሻንጉሊት ኩባንያው ኬነር በፈረንጆቹ 1978 የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶቹን ያወጣበት መጠን፣ ሃዝብሮም በ1982 ጂ አይ ጆን የመለሰበት። ጠረጴዛህ ላይ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። መካከለኛው 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ 8 ሜትር ተኩል። ትልቁ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ 17 ሜትር ይሆንና ጨዋታውን ያበላሻል። ለማነጻጸር ያህል፣ ጎልያድ በስድስት ክንድ ከስንዝሩ 3 ሜትር አይሞላም። ጠረጴዛው ላይ ብታቆመው 5 ሴንቲሜትር ነው፤ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ግዙፍ ብሎ የሚፈራው የለም። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የፋንታሲ ጨዋታ ውስጥ ከግዙፎቹ ትንሹ፣ የኮረብታው ግዙፍ፣ 16 ጫማ ነው፤ ትልቁ፣ የማዕበሉ፣ 26 ጫማ። በእኛ ልክ 8.6 እና 14 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ትንሹና መካከለኛው አሻንጉሊት ሁለቱን ጫፎች ሸፈኑልህ።

እኔን ካልክ ባለ 15ቱን ውሰድ፤ ከባለ 15ቹም የሬስሊንግ ተጫዋቹን። ግማሽ ራቁቱን ነው። አንገቱ ወፍራም ነው። ቦርጫም ከሆነማ ተገኘ ነው! ሱፐር ሂሮዎቹን ተዋቸው። ወገባቸው ቀጭን ነው፣ ልብሳቸው ገላቸው ላይ የተቀረጸ ነው፤ ያንን መስመር ሁሉ ስትሞርድ ትውላለህ። ማቴል በ1982 የጀመረው የሂ-ማን ዓይነት፣ ጉልበቱ የታጠፈ፣ ትከሻው ሰፊ አጭር ሰውዬም ቅርጹ ለግዙፍ የተፈጠረ ነው። ግን የድሮው ከሆነ ከመቁረጥህ በፊት ዋጋውን እይ። ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ጀርባው ላይ የታተመው ዓመት ብዙ ጊዜ የባለቤትነት መብቱ ዓመት ነው፤ የተመረተበትን ዓመት ላያሳይ ይችላል። ኢንተርኔት ላይም የተሸጠበትን ዋጋ ፈልግ፤ የተጠየቀበት ዋጋ ምኞት ነው። እጁ የተሰበረ፣ መሣሪያው የጠፋ፣ ፊቱ በእስክሪብቶ የተሞነጨረ ካለህ እሱ ነው የኛ ሰው።

ማፍረሱ ቀላል ነው። ውሃ አፍላና ከእሳቱ አውርደው። አሻንጉሊቱን አንድ ሁለት ደቂቃ ንከረው። ፒቪሲው ይለሰልሳል። በጨርቅ ይዘህ ጭንቅላቱን ስትስበው ከተሰካበት ተነቅሎ ይወጣል፤ እጁም እንዲሁ። እንደለሰለሰ የፈለግከውን ያህል አጥፈህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው፤ ባጠፍከው ይቀራል። በቀጥታ እሳት ግን አታሙቀው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አቋቋሙ ላይ ጊዜ ውሰድ። አሻንጉሊት የተሠራው ሳጥን ውስጥ ቆሞ ገዢ እንዲያይ ነው። ደረቱን ነፍቶ ፊት ለፊት ያያል። የአንተ ግዙፍ ግን ጠላቶቹ ከጉልበቱ በታች ናቸው። የት ነው ማየት ያለበት? ወደ መሬት። አንገቱን ከኋላ በኩል በፑቲ፣ እንደ ሊጥ ተለውሶ በሚደርቀው መሙያ፣ ሙላና ጭንቅላቱን ወደ ፊትና ወደ ታች አድርገህ ግጠመው። ጉልበቱን ትንሽ እጠፈው። አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርግ። ይህን ብቻ አድርገህ ወታደርህን እግሩ ሥር አቁመው፤ ገና ቀለም ሳይነካው ልዩነቱን ታየዋለህ።

አቋቋሙ ከተወሰነ መገጣጠሚያዎቹን ድፈናቸው። ክርኑና ጉልበቱ ላይ ያሉት ክብ ፒኖች፣ ትከሻው ላይ ያለው ኳስ፣ አሻንጉሊት መሆኑን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ደግሞም የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ቀለሙን ይፍቃል። ውስጡ ሱፐር ግሉ አንጠባጥብና አድርቀው፣ ክፍተቱን በኤፖክሲ ፑቲ ሙላ። ለሞዴል የሚሸጠው የፕላስቲክ ሙጫ ለፖሊስቲሪን የተሠራ ነው፣ ፒቪሲን አይዝም። የተቆረጠ ክፍል ስትገጥም ደግሞ በሱፐር ግሉ ብቻ አትመን። በቀጭን ፑንታ ሁለቱንም ወገን ብሳና መካከሉ ሽቦ አስገባ። የወረቀት ክሊፕ ይበቃል።

ስለ ፑቲ አንድ ሁለት ቃል። ግሪን ስታፍ የሚባለው ሰማያዊና ቢጫው ተለውሶ አረንጓዴ የሚሆነው ነው። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ትንሽ ይተጣጠፋል፤ ለጡንቻ፣ ለቆዳ፣ ለጸጉር ጥሩ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን በደንብ አይፈተግም። ዌልስ ውስጥ የሚሠራው ሚሊፑት በተቃራኒው ድንጋይ ይሆናል። በውሃ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይፈተጋል። ብዙዎቻችን ሁለቱን እኩል እንለውሳለን። ጓንት አድርግ፤ ኤፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል። ስትፈትግም ማስክ አድርግ። ትልቅ ክፍተት ካለህ መጀመሪያ የአልሙኒየም ፎይል ጠቅጥቅበት። ፑቲ እንደ ሊጥ የሚባክን ነገር አይደለም፤ ውድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ፊቱ። የአሻንጉሊትህን ዓይን እየው። ፋብሪካ ውስጥ የታተመ፣ ክፍት ብሎ የሚያይ ዓይን ነው። መጠኑም ለሰው ፊት ልክ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። በእንስሳት ዓለም አካል ሲያድግ ዓይን በዚያው ልክ አያድግም። ዝሆን ከዚያ ሁሉ አካሉ ጋር ዓይኑ ስንት ናት? ስለዚህ ትንሽ ዓይን ያየ ሰው ባለቤቱን ትልቅ አድርጎ ይገምተዋል። ዓይኑን በከተር ፍቀህ አጥፋው፤ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርግ፤ ውስጡ የጤፍ ፍሬ ታህል የፑቲ ድብልብል አስቀምጥ። ከዚያ ከላዩ ወፍራም ቅንድብ እንደ ጣራ አንጠልጥልበት። መንጋጋውን ወደ ፊትና ወደ ጎን አስፋ። አፍንጫውን ስበር፣ ማለቴ ጠማማ አድርግ። የፋብሪካውን ጸጉር ሞርደህ ራሰ በራ ብታደርገው ይመረጣል፤ ያ በጄል የተላገ ጸጉር ከማንኛውም ነገር በላይ ያጋልጠዋል። ጆሮውን ትንሽ ተወው። አናቱን አታሳድግ፤ ሰፊ መንጋጋ፣ ጠባብ ግንባር፣ ትንሽ አናት።

ቀጥሎ እግሩ። ጋሊልዮ በ1638 ጽፎታል፤ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ቁመቱ በእጥፍ ቢያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ የሚሸከመው አጥንት አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን በአራት እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ግዙፍ የሰውን እግር ይዞ መቆም አይችልም። ጠረጴዛው ላይ ማንም ይህን አያሰላም፤ ዓይን ግን ያውቀዋል። ባቱንና ቁርጭምጭሚቱን በፑቲ አወፍር። የሬስሊንግ ጫማውን ማሰሪያ ሞርደህ አጥፋ፤ ያ ማሰሪያ በእኛ ልክ የመርከብ ገመድ ያህል ነው፣ በሥርዓት ተሰካክቶ ማየት ያስቃል። ወይ ባዶ እግሩን አድርገህ ጣቶቹን በፑቲ ሥራ፣ ወይ እግሩን በፀጉራም ቆዳ ጠቅልለው። የእግሩ መዳፍ ሰፋ ይበል። እጁም እንደዚያው፤ አሻንጉሊት እጁ ብዙ ጊዜ ለገላው ያንሳል።

ልብሱ ላይ ደግሞ ትንሽ አስብ። ይህ ሰውዬ 8 ሜትር ነው። ማን ይሰፋለታል? የሚለብሰው ከሰው የነጠቀውን ነው። ሽርጡ ከብዙ ቁርበት የተጣጣፈ ይሁን፤ ጥፍጥፉ ትንንሽ፣ ስፌቱ በግልጽ የሚታይ። ወይም የድንኳን ሸራ ነው። ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥነህ ሶፍት ንከርና ወገቡ ላይ ጠቅልለው፤ ሲደርቅ ጨርቅ ይመስላል፣ ያንን የማይቀረውን የጭን መገጣጠሚያም ይሸፍንልሃል። ቀበቶውን ቆርጠህ ጣል፤ በገመድ ይታሰር። ከዚያ ከ28 ሚሊሜትር ዕቃዎችህ ሳጥን ውስጥ ግባ። የተረፈ ጋሻ የትከሻ መሸፈኛ ይሆናል። የራስ ቁር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። በርሜል እጁ ላይ ኩባያ ነው። የጋሪ መንኮራኩር ወይም የቤት በር ጋሻ ይሆነዋል። ተመልካች በሩን ያውቀዋል፤ ሰው ጎንበስ ሳይል የሚገባበት፣ ቁመቱ 3 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሩ መዳፉ ላይ ሲገኝ ሰውየው በራሱ ያድጋል። ነገር ግን አታብዛው። ሦስት አራት ዕቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቆራሌው ይሆናል። ቆመጡንም ከዛፍ ቅርንጫፍ አትሥራ ብዬ ልመክርህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያንን ነው የሚያደርገው። ግን ቅርፊቱ ረቂቅ የሆነ ደረቅ ሥር ካገኘህ ከየትኛውም ፕላስቲክ ይበልጣል። ቅርፊቱ ሻካራና ትልልቅ ከሆነ ተወው፣ ግዙፉን ያሳንሰዋል።

ከመቀባትህ በፊት ቆዳው ላይ አንድ ሥራ ይቀርሃል። ፋብሪካው ገላውን እንደ መስታወት ለስላሳ አድርጎታል። ወፍራም ፕራይመር በአሮጌ ብሩሽ ጫፍ እየነካካህ ለብጠው፤ ትንንሽ ጉብጉብ ይወጣል። ክርኑ፣ ጉልበቱና የጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ፑቲ ገና ሳይደርቅ በመርፌ ሸንትረው። ጠባሳ ከፈለግክ በከተር ቧጭረው። ቀለም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ቀለሙን አንድ ወጥ አታድርገው። ትልቅ ገላ አንድ ቀለም ከሆነ ፕላስቲኩ ተመልሶ ይመጣል። ከጠቆረው ጀምርና በተቀደደ ስፖንጅ እየነካካህ አንጣው። አፍንጫው፣ ጆሮው፣ ክርኑ፣ ጉልበቱና ጣቶቹ ላይ በጣም የቀጠነ ቀይ ጨምር። መንጋጋው ላይ ጺም ተላጭቶ እንደበቀለ አመድማ ሰማያዊ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ደረቅ ብሩሽ የምንለውን ዘዴ፣ ቀለሙ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ጎልቶ የወጣውን ብቻ ማሻሸቱን፣ ለጸጉሩና ለቁርበቱ አቆየው፤ ሰፊ ገላ ላይ ዱቄት የነሰነስክበት ይመስላል። ዓይኑን መጨረሻ ላይ፣ አንድ ነጥብ ብቻ። በስተመጨረሻ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ።

መቆሚያው ላይ ብዙ አልልም። ከእግሩ ወፍራም ሽቦ ወይም ምስማር አስገብተህ ቤዙ ውስጥ ሰካው። ሥሩ ሁለት ሦስት ሮንዴላ ለጥፍ፣ አይወድቅም። ላዩ ላይ የሰው ነገር አድርግ፤ የተሰባበረ አጥር፣ የተገለበጠ ጋሪ። ትልልቅ ጠጠር አታድርግ፣ ጠጠሩ ትልቅ ሲሆን ሰውየው ያንሳል።

በነገራችን ላይ በዚህ ሥራ የሚያፍሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። «የርካሽ ዘዴ ነው» ይላሉ። ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ፣ ከደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ፈጣሪዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስና ጓደኞቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሚጫወቱበት ጭራቅ አጥሯቸው ርካሽ የፕላስቲክ እንስሳት በከረጢት ገዝተው ነበር። ከዚያ ከረጢት የወጡት ቅርጾች ናቸው ራስት ሞንስተርና ቡሌት የሚባሉት የጨዋታው ጭራቆች የሆኑት፤ እስከ ዛሬ በየመመሪያው አሉ። የአንተ ከረጢት ከየት እንደመጣ አሁን ገባህ?

የኩባንያውን ልግዛ ወይ ላልከኝ። ከጓደኞችህ ጋር ቤት የምትጫወት ከሆነ አያስፈልግህም። ውድድር የምትሄድ ከሆነ ግን አስቀድመህ አዘጋጁን ጠይቅ። ትልልቅ ኩባንያዎች በራሳቸው መደብርና በራሳቸው ውድድር ላይ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ሞዴል ብቻ ነው የሚያስገቡት። ሌላ ቦታ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ የቤዙ ልክና ቁመቱ። ቤዙ በጨዋታው ሕግ ከተጻፈው አይነስም፣ አይብለጥም። ቁመቱ ደግሞ ለብዙ ጨዋታ ወሳኝ ነው፤ ማን ማንን ያያል የሚለው የሚወሰነው ከሞዴሉ ዓይን ደረጃ ጎንበስ ብሎ በማየት ነው። ቁጢጥ ያለ ግዙፍ ከግድግዳ ጀርባ ይደበቃል፣ በጣም የረዘመ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያያል። ተቃራኒህ ሆን ብለህ ያደረግከው ይመስለዋል። ከኩባንያው ሞዴል ቁመት ብዙ አትራቅ።

የሚጣበቀውን አሁን በአልኮሉ መፈተግ ጀምር። የደረቀውን፣ ሁለተኛውን፣ አንገቱን አጥፈህ ዓይኑን ከሠራህ በኋላ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ስታነሳው ግን አንድ ባለ 28 ወታደር ጎኑ ይቁም፤ አለዚያ ምንም ልልህ አልችልም።